ያገር ናፍቆት በዘፈን፦ «ናቡኮ» እና «አይዳ» ለእኛ ምን ይነግሩናል?



አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ለሰንበት ዳቦ በሚደፋበት ሰዓት፣ በረሆቮት ቅርያት ሞሼ ሰፈር ከአንድ ወዳጅ ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ነበር። ከላይኛው ፎቅ፣ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ አንዲት ሴት ከሚኖሩበት መስኮት፣ ሙዚቃ ይሰማል። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ ያዜማል። የቤቱ አሮጊት እናት ከኢትዮጵያ ከመጡ ገና ብዙ ጊዜ አልሆናቸውም። ስኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት አዳመጡና «ማነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ሳቀች። «እማማ፣ ማንም አልሞተም። ኦፔራ ነው፣ ትምህርት ቤት አሰምተውናል» አለቻቸው።

እሳቸው ግን አልተረቱም። «ልጄ፣ ቋንቋውን አላውቀውም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ካገራቸው የራቁ ናቸው» አሉ።

እኛም ነገሩ ስላስገረመን ወደ ላይ ወጥተን ጎረቤቲቱን ጠየቅናቸው። የእሳቸውም ዕብራይስጥ የእኛም ዕብራይስጥ እንደየመጣንበት አገር የሚሰበር ቢሆንም ተግባባን። ሙዚቃው ጁዜፔ ቬርዲ የተባለው ጣልያናዊ ከደረሰው «ናቡኮ» ከተባለው ኦፔራ የተወሰደ ነው። የሚያዜሙትም በባቢሎን ወንዝ ዳር የተማረኩ ዕብራውያን ናቸው። አሮጊቷ እናት አንድም ቃል ሳይገባቸው እውነቱን አግኝተውት ነበር።

ታዲያ ምን ሰምተው አወቁ? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ናቡከደነፆር በጣልያን መድረክ

ኦፔራ ማለት ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚነገር ቲያትር ነው። ተዋናዩ ንግግሩን ይዘፍነዋል፣ ከመድረኩ ሥር የተቀመጠው ኦርኬስትራ ያጅበዋል።

«ናቡኮ» ማለት እኛ ናቡከደነፆር የምንለው የባቢሎን ንጉሥ ነው። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1842 ዓ.ም. በወርኃ መጋቢት፣ ሚላኖ ከተማ ውስጥ ላ ስካላ በተባለው ቲያትር ቤት ነው። የቤተ መቅደሱን መፍረስ፣ የሕዝቡን መማረክና የንጉሡን መቅሠፍት ይተርካል። ይህን ታሪክ ለቤተ እስራኤል ማስረዳት አያሻም። በየዓመቱ በስግድ ዕለት ተራራ ወጥተን ከባቢሎን የተመለሱትን የዕዝራንና የነህምያን ዘመን ስናነብ ኖረናል። በ2008 ዓ.ም. ክነሴት ባወጣው ሕግ ስግድ የመላው እስራኤል በዓል ሆኗል።

ቬርዲ ይህን ሥራ ሲጽፍ ገና ሰላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ነገር ግን ልቡ ያዘነ ሰው ነበር። በ1838 ሴት ልጁ፣ በ1839 ወንድ ልጁ፣ በ1840 ደግሞ ሚስቱ ሞተውበታል። በዚያው ዓመት ያቀረበው አስቂኝ ኦፔራ በሕዝብ ዘንድ ወደቀ። ቬርዲ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ከእንግዲህ ሙዚቃ አልጽፍም ብሎ ቆርጦ ነበር። የቲያትር ቤቱ ሹም የናቡኮን ጽሑፍ በግድ አስይዞት ወደ ቤቱ ሲገባ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው፤ ወረቀቱም የምርኮኞቹ መዝሙር ያለበት ገጽ ላይ ተከፈተ። ያ መዝሙር በጣልያንኛ «ቫ ፔንሲዬሮ» ይባላል፤ «ሐሳቤ ሆይ፣ ሂድ» እንደ ማለት ነው። ምርኮኞቹ ሐሳባቸውን እንደ ወፍ ወደ አገራቸው ይልኩታል።

እዚህ ላይ ስንቶቻችን ሽመላን እናስታውስ ይሆን? በጎንደር መንደሮቻችን ሽመሎች በሰማይ ሲያልፉ ልጆች ተሰብስበው የኢየሩሳሌምን ደኅንነት ይጠይቋቸው ነበር። የሚላኖው መዝሙርና የመንደራችን ልጆች ጥሪ በሐሳብ ወንድማማች ናቸው።

ቬርዲ በ1901 ዓ.ም. ሲሞት፣ አስከሬኑ ወደ መጨረሻ ማረፊያው በተወሰደበት ቀን 800 ያህል ዘማሪዎች ይህንኑ መዝሙር በሚላኖ አሰምተዋል። የመሯቸው አርቱሮ ቶስካኒኒ ነበሩ። ስማቸውን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ምት፣ ቅኝትና ስሜት

አንድ ዜማ ሐዘን ወይም ደስታ የሚሰጠን በምን ምክንያት ነው? ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛው ፍጥነቱ ነው። ሙዚቀኞች «ቴምፖ» ይሉታል። ቬርዲ በዚህ መዝሙር ራስጌ ላይ «ላርጎ» ብሎ ጽፏል፤ ትርጉሙ «ሰፊ» ማለት ነው። ሩቅ መንገድ የሄደ፣ ሸክም የከበደው ሰው እንደሚራመደው ያለ አካሄድ ነው። ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው ግን «ሰፊ» የሚለውን ቃል እንደ ልቡ ይተረጉመዋል። አንዱ መሪ መዝሙሩን ከአራት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ሌላው ከአምስት ደቂቃ በላይ ይወስድበታል። ፈጠን ሲል የተስፋ ጉዞ ይመስላል፤ ሲዘገይ ለቅሶ ይመስላል። ኖታው ያው ነው፤ የተለየው እርምጃው ነው። እኛም ይህን ከቤታችን እናውቀዋለን። አንዱን ዜማ ቀስ አድርጎ በክራር ሲያወርዱት ያስተክዛል፤ ከበሮ ጨምረው ሲያፋጥኑት እስክስታ ያስመታል።

ሁለተኛው ቅኝቱ ነው። በአገራችን ሙዚቃ አራት ታላላቅ ቅኝቶች አሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። የአውሮፓው ሙዚቃ ደግሞ በሰባት ድምፅ ይሠራል፤ ሁለቱ ዋና መንገዶቹም በዚህ አገር ልጆቻችን «ማዦር» እና «ሚኖር» ብለው የሚማሯቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ማዦር ለደስታ፣ ሚኖር ለሐዘን ነው ይባላል። ይህ አባባል ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የምርኮኞቹ መዝሙር የተጻፈው በማዦር ነው፤ በዕብራይስጥ «ፋ ዲያዝ ማዦር» ይሉታል።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንንገራችሁ። የዚህ ቅኝት ሰባት ድምፆች በፒያኖ ላይ ሲታዩ አምስቱ ጥቁሮቹ ቁልፎች፣ ሁለቱ ነጮች ናቸው። አምስቱን ጥቁሮች ብቻ ከ«ፋ ዲያዝ» ጀምራችሁ በተራ ብትነኳቸው የምትሰሙት ሙሉውን ትዝታ ነው! እርግጥ ቬርዲ ሁለቱን ነጮች ጭምር ስለተጠቀመ መዝሙሩ ትዝታ ነው አንልም። ቬርዲም ስለ ትዝታ ያውቅ ነበር አንልም። ነገር ግን የሁለቱ የድምፅ ቤት አንድ ዓይነት መሠረት አለው። ሙሉው ትዝታም እንደዚሁ በባሕርዩ ብሩህ ሆኖ ሳለ ሆድ ያባባል። አሮጊቷ እናት «ያገር ናፍቆት ነው» ሲሉ ጆሯቸው አልዋሸም።

ሦስተኛው የድምፁ ኃይል ነው። መዝሙሩ ሲጀምር ሁሉም ዘማሪ አንድ ዜማ በለሆሳስ ይላል፤ ማንም ከማንም አይለይም። አዛውንቱም ልጁም እናቲቱም በአንድ ድምፅ ናቸው። ወደ መሐል ሲደርስ፣ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ዝም ያለውን በገና ሲጠሩ፣ ድምፁ በድንገት ይፈነዳና በብዙ መስመር ይከፈላል። ከዚያ እንደገና እየቀነሰ ሄዶ በሹክሹክታ ያልቃል። ስሜቱ የተሠራው ከዚህ ነው፦ ከዝግታው፣ ከብሩህ ቅኝቱ፣ ከታፈነው ድምፅና ከአንዲቱ ጩኸት።

የመድረኩ ታሪክ ግን በለቅሶ አይቆምም። መዝሙሩ እንዳለቀ ሊቀ ካህናቱ ብድግ ብሎ የሚያለቅሱትን ይገሥጻቸዋል፣ ባቢሎን እንደምትወድቅም ይተነብያል። ሙዚቃውም ይጠነክራል።

የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ

ጎረቤታችን የእኛን አገር ሲሰሙ «ከሆነስ ሌላ ላሰማችሁ» ብለው ሁለተኛ ሙዚቃ አወጡ። ይህም የቬርዲ ሥራ ነው፤ «አይዳ» ይባላል። አይዳ ማን ናት? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት! በጦርነት ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ገረድ ሆናለች። የንጉሥ ልጅ መሆኗን ማንም አያውቅም። የምትወደው ደግሞ ራዳሜስ የተባለውን የግብፅ ጦር አዛዥ ነው፤ እሱም አባቷን ሊወጋ ይዘምታል።

ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በካይሮ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ዓ.ም. ነው። ያስደረሰው የግብፁ ገዥ ኸዲቭ እስማኤል ነበር። በመድረኩ ላይ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል ታደርጋለች፣ ምርኮኞችም በሰልፍ ያልፋሉ። ታሪኩ የተፈጠረ እንጂ የተፈጸመ አይደለም። በእውነተኛው ዓለም ግን ይኸው ኸዲቭ እስማኤል ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራዕ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ድል አደረጉት። መድረኩ አንድ ነገር አለ፣ ሜዳው ሌላ ነገር አለ።

ጎረቤታችን ያሰሙን ቅጂ በ1961 ዓ.ም. በሮም የተቀረጸ ነው። ኦርኬስትራውን የመሩት ጌኦርግ ሾልቲ በቡዳፔስት የተወለዱ አይሁዳዊ ናቸው፤ የጦርነቱን ዘመን ካገራቸው ርቀው በስዊዘርላንድ አሳልፈዋል። አይዳን የምትዘፍነው ሊዮንታይን ፕራይስ ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ በተባለው ክፍለ አገር ጥቁሮች በሕግ ተለይተው በሚኖሩበት ዘመን ያደገች ሴት ናት። የኢትዮጵያን ንጉሥ አሞናስሮን የሚዘፍነው ሮበርት ሜሪል ደግሞ ከፖላንድ ወደ ኒውዮርክ የተሰደዱ አይሁድ ልጅ ነው። እስቲ አስቡት፦ በዚህ ቅጂ ውስጥ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆኖ ይዘፍናል!

ሦስተኛው ክፍል ሲጀምር ሌሊት ነው፤ ቦታው የዓባይ ወንዝ ዳር ነው። ቫዮሊኖቹ አንዲቱን ድምፅ በቀስታ ያንቀጠቅጧታል፤ ከላይ ዋሽንት ይገባል። ለወንዝ ዳር ሌሊት ሌላ ሥዕል አያስፈልገውም። ከዚያ አይዳ ብቻዋን ሆና አገሯን ትሰናበታለች፤ ሰማዩን፣ ነፋሱን፣ ሸለቆውን እያነሳች ዳግም አላይሽም ትላለች። ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ይከተላታል። ወደ መጨረሻው ድምፅዋ በጣም ከፍ ይላል፤ ቬርዲ ግን በዚያ ከፍታ ላይ «በጣፋጭ ለስላሳ ድምፅ» ብሎ ጽፎበታል። መጮህ ይቀላል፤ በከፍታ ላይ ማለስለስ ነው የሚከብደው። ሊዮንታይን ፕራይስ በጥር 1985 ኒውዮርክ ውስጥ ኦፔራን የተሰናበተችው በዚሁ በአይዳ ነው። ይህን ዜማ ስትጨርስ ሕዝቡ ለደቂቃዎች አላቋረጠም ያጨበጨበላት።

አባትና ልጅ

ከስንብቷ በኋላ አባቷ ይመጣል። ምቱ እዚህ ላይ ይለወጣል። በመጀመሪያ አባትየው በለስላሳ ዜማ ያባብላታል፤ ያገርሽን ደን፣ ያገርሽን መዓዛ እንደገና ታያለሽ ይላታል። ቀጥሎ የሚፈልገውን ይነግራታል፦ የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከምትወደው ሰው አውጥታ እንድትነግረው ነው። እምቢ ስትል ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ነጋሪቱና ነሐሱ ይጮኻል። ሙታኖቻችን ይረግሙሻል ይላታል፤ በመጨረሻም ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖን ባሪያ ነሽ ብሎ ይገፋታል። እሷም ተሰብራ እሺ ትላለች። መጨረሻው አያምርም፤ አባቷ ይሞታል፣ ራዳሜስ በሕይወቱ ይቀበራል፣ አይዳም ከእሱ ጋር ለመሞት አስቀድማ በመቃብሩ ውስጥ ተደብቃ ትገኛለች።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ክፍል ስንሰማ የቤታችንን ጉዳይ ማሰባችን አልቀረም። ልጆቻችን ዕብራይስጡን ቶሎ ያዙ፤ ጓደኛ አበጁ፤ የዚህን አገር አመል ለመዱ። እኛ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ስንናደድ «አንተ ከእንግዲህ የእኔ ልጅ አይደለህም፣ የነሱ ሆነሃል» የሚለው ቃል ከአፋችን ያመልጣል። አገርን በልጅ ላይ ጅራፍ ማድረግ ማለት ይህ ነው። አሞናስሮ አገሩን መውደዱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ፍቅሩን በልጁ ጀርባ ላይ ማሳረፉ ነው። ልጆችም ስሙ፦ አባታችሁ ሲቆጣ፣ ከቁጣው በታች ዝግ ያለ ሌላ ዜማ አለ። መጀመሪያ የሚያባብለው ድምፅ፣ የደኑና የመዓዛው ድምፅ፣ እውነተኛው እሱ ነው።

ሁለት ናፍቆት

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። በኢትዮጵያ ሳለን የናቡኮ ሰዎች ነበርን። አባቶቻችን ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ጸለዩ። በሱዳን መንገድ ብዙ ወገኖቻችን ያለቁት ይህን ናፍቆት ተሸክመው ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከ2020 ወዲህም በ«ጹር እስራኤል» የመጡት ቤተሰቦች ለዓመታት በአዲስ አበባና በጎንደር ሲጠብቁ የቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ስንደርስ ግን ከእኛ ብዙዎቹ አይዳ ሆንን። የወንዙ ድምፅ፣ የጤፉ አዝመራ፣ የቀብር ቦታችን፣ የቀሩት ዘመዶቻችን በሌሊት ይመጡብናል። አሮጊቷ እናት ይህንኑ ነበር በዚያች ዓርብ የነገሩን። «ማታ ማታ አለቅሳለሁ። ሰው ግን እንዳያየኝ እደበቃለሁ። ኢየሩሳሌም ገብተሽ ምን ያስለቅስሻል እንዳልባል አፍራለሁ» አሉ።

ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ኢየሩሳሌምን የናፈቀ ልብና ያደገበትን መንደር የሚናፍቅ ልብ አንድ ልብ ነው። ቬርዲ ሁለቱንም ጽፎአል፤ በሁለቱም ውስጥ ወንዝ አለ፣ በሁለቱም ውስጥ ዝግታ አለ። ከአገራችን ሰዎች እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን መጥቀስ ይቻላል። እኒህ መነኩሲት በወጣትነታቸው የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው፣ የአገራቸውን ቅኝት በፒያኖ ያዜሙ ነበር። ከ1984 ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2023 ድረስ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረዋል። የሚኖሩት በቅድስቲቱ ከተማ ሆኖ ሳለ ጣቶቻቸው የአገራቸውን ቅኝት አልተዉም። አንዱ ናፍቆት ሌላውን አያባርረውም።

ሙዚቃም እንደ እኛ ዖሌ ነው

ኦፔራ የባለጸጎችና የነባሮች ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚል ካለ ተሳስቷል። በዚህ አገር ኦፔራን ያቆሙት ስደተኞች ናቸው። መርዶኪ ጎሊንኪን ከሩሲያ መጥተው በ1923 ዓ.ም. የቬርዲን «ላ ትራቪያታ» በዕብራይስጥ አስዘፍነዋል። ዛሬ የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ የሚባለው ኦርኬስትራ በ1936 የተመሠረተው በአውሮፓ አይሁድ ስለሆኑ ከሥራቸው በተባረሩ ሙዚቀኞች ነው። የመጀመሪያውን ኮንሰርት ለመምራት በቬርዲ ቀብር የመሩት ቶስካኒኒ ወደ ቴል አቪቭ መጡ፤ ደመወዝም አልቀበልም አሉ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ «ናቡኮ»፣ በ2011 «አይዳ» በይሁዳ በረሃ በማሳዳ ተራራ ግርጌ በሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ ታይተዋል።

በቤታችሁ እንዴት ትሰማላችሁ?

ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ልጆቻችሁ «ቫ ፔንሲዬሮ»ንና የአይዳን ሦስተኛ ክፍል በስልክ ያገኙላችኋል። አንድ ምሽት ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡና እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ ትርጉሙን ሳትጠይቁ ስሙ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የታየውን ይናገር፤ ትንሹ ልጅ ይጀምር።

ሁለተኛ፣ ያንኑ መዝሙር በሁለት የተለያዩ መሪዎች ስሙ። የትኛው ይፈጥናል? የትኛው ያስተክዛል? ልጆች በሰዓት ይለኩት።

ሦስተኛ፣ ፒያኖ ወይም ኦርጋን ካገኛችሁ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች አስነኩ፤ ትዝታን የሚያውቅ ሽማግሌ አጠገብ ይቀመጥና ይፍረድ። ልጃችሁ ሙዚቃ መማር ከፈለገ በአካባቢያችሁ ያለውን ማትናስ ወይም ኮንሰርቫቶሪዮን ጠይቁ፤ የክፍያ ቅናሽ መኖሩንም አብራችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ለአያቶች ይቅረብ፦ «የእርስዎ ወንዝ ማን ይባላል?»

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እኛ አላወጣነውም። በዚያች ዓርብ፣ የአይዳ ዜማ ሲያልቅ፣ መጀመሪያ ላይ የሳቀችው ልጅ ናት ያወጣችው። አያቷ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የወንዛቸውን ስም ነገሯት፤ ውሃው በክረምት ምን ያህል እንደሚሞላ፣ ልብስ የሚያጥቡበት ድንጋይ የት እንደነበር፣ ሽመሎቹ በየት በኩል ያልፉ እንደነበር ነገሯት። ልጅቷም አልሳቀችም። ደብተሯን አምጥታ የወንዙን ስም በአማርኛ መጻፍ እንዲያስተምሯት ለመነቻቸው። አያቲቱ ፊደል አልቆጠሩም ነበርና እናትየው እጇን ይዛ አጻፈቻት።

የሰንበት መግቢያ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ተሰናብተን ወጣን። መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።